አንድ አሞሌ፣ አራት ክፍለ ጊዜ

ይህ ጽሑፍ ክረምት ላይ ለሁለተኛ ደረጃ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ስናገር የደጋገምኩትን ቀንሻለሁ። ሌላው እንዳለ ነው።

እንደምን አረፈዳችሁ?

ወሬ ከመጀመሬ በፊት ይቺን ከእጅ ወደ እጅ አቀባብሉልኝ። ከፊት ወንበር ጀምራ እስከ ኋላ ትድረስ። ቀስ ብላችሁ ያዟት፤ ከወደቀች ትሰበራለች። መቅመስ የፈለገ ይቅመስ፣ ጠርዟን ብቻ።

አሞሌ ናት። ገጠር ያደገ ሰው ከብት ሲልሳት አይቷል። ከተማ ያደገው ደግሞ ከመጽሐፍ ያውቃታል፤ "አሞሌ ጨው በቀድሞ ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር" ከምትለው መስመር። እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት ያቺኑ መስመር ነው። ቦርድ ላይ እጽፋታለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጧታል፣ ፈተና ላይ ትወጣለች፣ ይመልሷታል። በቃ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ።

አንድ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ዝናብ ሲዘንብስ?" አለኝ።

"ምን ዝናብ?"

"ገንዘቡ ጨው ከሆነ፣ ዝናብ ሲመታው አይሟሟም?"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ነገ እነግርሃለሁ" ብዬ አለፍኩ።

ስታፍ ገብቼ ጠየቅሁ። የኢኮኖሚክስ መምህሩ "ይሄማ የታሪክ ነው" አለኝ። የጂኦግራፊ መምህርቷ "ስለ ገንዘብ ከሆነ ወደ ኢኮኖሚክስ ነው" አለች። የታሪክ መምህሩ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የዝናብ ነገር የጂኦግራፊ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ሦስታችንም ሥራችንን የምንወድ ሰዎች ነን። ግን የልጁ ጥያቄ ባለቤት አጣ።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ባለቤት ስላጣ ጥያቄ ላወራችሁ ነው። እኛ አገሪቱን በአራት ክፍለ ጊዜ ቆራርጠን እናስተምራለን። ታሪክ ሰኞ ጠዋት፣ ኢኮኖሚክስ ማክሰኞ፣ ጂኦግራፊ ከምሳ በኋላ። የዜግነት ትምህርት ደግሞ ዓርብ መጨረሻ ላይ፣ ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግተው ደወል ሲጠብቁ። ልጁ ግን የሚኖረው በአንድ አገር ነው። ቤቱ ያለው ጨው አንድ ጨው ነው፤ ታሪኩ ለብቻ፣ ዋጋው ለብቻ ተቀምጦ አያገኘውም። ታዲያ አንድ ዕቃ ይዘን አራታችንም ከእሱ ብንነሳስ? እኔ በአሞሌ ሞክሬዋለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከየት እንደመጣች ልጀምር። አፋር ውስጥ፣ ዳሎል አካባቢ፣ መሬቱ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሠረት የዳሎል ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ሰው ኖሮባቸው ከተለኩ የዓለም ቦታዎች ከፍተኛው ነው። አማካይ ነው እንግዲህ። ሌሊቱም፣ ቀዝቀዝ የሚልበት ወቅትም ተደምሮ ነው።

ልጆች ይህን ቁጥር ስነግራቸው ይጽፉታል እንጂ አይደነቁም። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ ክፍሉን እጠቀማለሁ። "የክፍላችን ወለል ባሕር ነው እንበል። መቀሌ ጣሪያው ጋ ናት። ጨው የሚቆረጠው ደግሞ ሲሚንቶውን ሰብራችሁ አንድ ስንዝር ወደ ታች ቆፍራችሁ ነው" እላቸዋለሁ። ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ ይገጥማል። ያኔ ወደ ጣሪያው ያያሉ፣ ወደ ወለሉ ያያሉ። አንዷ "ግመሉ ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ይወጣል?" አለች። አዎ፣ ተሸክሞ ይወጣል።

ጨው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል? ቀይ ባሕር በተለያየ ዘመን ወደዚያ ዝቅተኛ ቦታ ገብቷል። ከዚያ መሬቱ ሲነሳ፣ እሳተ ገሞራ ሲፈስ፣ መግቢያው ተዘጋ። ውሃው መውጫ አጣ። ፀሐይ አተነነችው፣ ጨው ቀረ። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም፤ ተደጋግሟል። ለዚህ ነው በአንዳንድ ቦታ የጨው ክምችቱ ውፍረት ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚያልፈው። መሬቱ ዛሬም አላረፈም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 እዚያው አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ተከፍቷል።

ጨዉን የሚቆርጡት በአብዛኛው አፋሮች ናቸው። አንዱ ቡድን በእንጨት እየጎረጎረ ትልቁን ንጣፍ ከመሬት ያነሳል። ሌላው ቁጭ ብሎ በመጥረቢያ መሰል መሣሪያ እኩል እኩል አድርጎ ይጠርበዋል። ከዚያ ግመልና በቅሎ ላይ ይጫናል። በትግርኛ እነዚህን የጨው ቅፍለቶች አርሆ ይሏቸዋል። በረሃለን አልፎ ወደ ደጋው ይወጣሉ። ዛሬ አስፋልት ገብቷል፣ መኪና ብዙውን ሥራ ወስዷል። ግመሉ ግን ለዘመናት ያቺን መንገድ ይዞ ኖሯል።

ለስንት ዘመን? ታሪኩ እዚህ ይጀምራል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አክሱምን አይቶ ጽፏል። የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ ሲሄዱ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው እንደሚሄዱ ይነግረናል። ጨው ሰጥተው ወርቅ ይዘው ይመለሳሉ ማለት ነው። ከዚያ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ዝለሉ። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ኖሮ ያየውን ጽፏል። ጨው በመላው አገሪቱ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። አልቫሬዝ አንድ ነገር በደንብ አስተውሏል፤ ጨዉ ከሚወጣበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። መነሻው ላይ በአንድ ዋጋ መቶ ምናምን የምታገኘውን፣ ሩቅ ቦታ ላይ በዚያው ዋጋ ጥቂት ብቻ ታገኛለህ።

ይህን በንግግር ማስረዳት ይቻላል። እኔ ግን ጨዋታ አድርጌዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ በንግግር አላስረዳሁም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ክፍሉን በአምስት ረድፍ እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያው ረድፍ ጨው ቆራጭ ነው። ሁለተኛው ግመል ነጂ። ሦስተኛው ኬላ። አራተኛው የሶቆጣ ነጋዴ፤ ሶቆጣ በዘመኗ ትልቅ የጨው ገበያ ነበረች። አምስተኛው ረድፍ፣ የኋላ ወንበር፣ የጎጃሙ ባሶ ገበያና ከዓባይ ማዶ ያለው አገር ነው። ለፊተኞቹ የጨው ጠጠር እሰጣለሁ። ለሌሎቹ በቆሎ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሃያ ሃያ ፍሬ። ሕጉ ሁለት ነው። ማንም ጨው ይዞ አንድ ረድፍ ባለፈ ቁጥር ሁለት በቆሎ ለስንቅ ሳጥን ውስጥ ይጥላል፤ መንገደኛም ግመልም ይበላል። ኬላ ደግሞ የሚያልፈውን ሁሉ የፈለገውን ያህል ይቀርጣል።

የመጀመሪያ ቀን አንድ የጨው ጠጠር ከፊት ረድፍ በአንድ በቆሎ ተሸጠ። የኋላ ወንበር ስትደርስ ዘጠኝ ሆነች። ለልጆቹ ዋጋ የወሰነ ሰው የለም፣ ማንም አላዘዛቸውም። ተከራክረው፣ ተገበያይተው፣ አንዳንዱም ተኮራርፎ የደረሱበት ነው። የመጓጓዣ ወጪ ማለት ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ትርጉሙን ማስገልበጥ አላስፈለገኝም።

ጨዋታው መሐል ላይ የውሃ ጠርሙስ ይዤ ተነሳሁ። ከአንዱ ነጋዴ እጅ ሁለት ጠጠር ወስጄ ብርጭቆ ውስጥ ጣልኩና ውሃ አፈሰስኩባቸው። "ዝናብ ዘነበ" አልኩ። ልጁ ደነገጠ። "ቲቸር፣ ገንዘቤ!" ብሎ ጮኸ። ያ የዝናብ ጥያቄ የጠየቀኝ ልጅ በዚያ ዓመት አሥረኛ ክፍል ነበር፤ እዚያ ክፍል አልነበረም። በእረፍት ሰዓት ፈልጌ አገኘሁትና መልሱን ነገርኩት። አዎ፣ ይሟሟል። ስለዚህ ነጋዴው ከዝናብ ይሸሻል፣ ጨዉን ይሸፍናል፤ የአሞሌ ዋጋ ከቦታ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከወቅት ወቅትም ይለዋወጣል። ይሰበራልም። የተሰበረ አሞሌ እንደ ሙሉ አይቆጠርም። ለዚህ ሲባል በልጥ ይታሰር ነበር።

የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ስለ ገንዘብ ጠባይ ያስተምራል። መገበያያ ነው፣ ዋጋ መለኪያ ነው፣ ሀብት ማቆያ ነው ይላል። አሞሌን በእነዚህ ሦስቱ መዝኑት። መገበያያነቱ ግሩም ነው። መለኪያነቱም አይከፋም። ሀብት ማቆያነቱ ላይ ግን ክረምት ይመጣበታል። አንድ ልጅ "ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ማጥፋት ነበረባቸው" አለኝ። ይህ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አባባል ነው፤ የዋጋ ግሽበት ባለበት አገር ሰው ብር እጁ ላይ ማቆየት ለምን እንደማይወድ አወቀ ማለት ነው። እኔ አላስተማርኩትም። በቆሎው አስተማረው።

አሞሌ ብቻውንም አልነበረም። ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለው፣ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። 1780 የሚል ቁጥር ያለበት ያ የኦስትሪያ ብር ነው። ግን ለትንሽ ዕቃ አይመችም፤ ለአንድ ዶሮ ጠገራ አትሰጥም። ዝርዝሩ አሞሌ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በራሳቸው ስም ያስቀረጹት ገንዘብ 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመተ ምሕረት ይዟል። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። ቢሆንም ገበያው አሞሌንም ጠገራንም ወዲያው አልተወም። ሰው የሚያምነውን ገንዘብ በአንድ ቀን አይለቅም። የራሳችን የወረቀት ገንዘብ በአዲስ መልክ የወጣው ሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው። ስሙን እዩት ደግሞ። "ብር" ማለት ያው ማዕድኑ ነው። ወረቀት ይዘን በማዕድን ስም እንጠራዋለን። ልጆች ይህን ሲሰሙ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ብር አውጥተው ያዩታል። እኔም ሳስተምር ሁልጊዜ አወጣዋለሁ።

ወደ ኬላው ልመለስ። ከጨዋታው ሁሉ ከባዱ ክፍል እሱ ነው፤ ከሌላው ይልቅ እዚህ ላይ ብንቆይ ይሻላል።

ጨዋታው ሲያልቅ በቆሎ አስቆጠርኩ። ብዙ በቆሎ ያለው ኬላ ላይ ነበር። ጨው ቆራጮቹ ጋ ጥቂት ነው። አንዲት ልጅ ከፊት ረድፍ ተነሳች። "ቲቸር፣ ጨዉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለምንድነው እኔ በቆሎ የሌለኝ?" አለች። ቀልዷን አልነበረም። ተናዳለች።

መልሱን እኔ አልሰጠሁም። ኬላዎቹን "እናንተ ምን ሠራችሁ?" አልኳቸው። አንዱ "መንገዱን ጠብቀናል" አለ። ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ "ማን ጠብቁ አላችሁ? ሽፍታ እንኳን አልመጣም!" ኬላው መለሰ፤ "ሽፍታ ያልመጣው እኛ ስላለን ነው!" ደወል ተደወለ። ማንም አልተነሳም። በአስተማሪነት ዘመኔ ልጆች ደወል ሰምተው ያልተነሱበት ቀን ትንሽ ነው፤ ያ ቀን አንዱ ነው።

ግብር ምንድን ነው? ማን ይጥለዋል? በምን ፈቃድ? ምን ይመለስልኛል? የዜግነት ትምህርት ማለት ይኼው ነው። እኛ ግን "የግብር ጥቅሞች" ብለን ዝርዝር እናስገለብጣለን። በታሪክ ጨዉን የያዘ ገዥ አቅም ነበረው። በትግራይ "ባልገዳ" የሚባል ሹመት ነበር፤ የጨዉን መንገድና ቀረጥ የሚቆጣጠር ሰው ነው። ነጋዴው ከዳሎል እስከ ዓባይ ማዶ ስንት ኬላ ያልፋል! እያንዳንዱ ቀረጥ የመጨረሻው ገዢ ላይ ያርፋል። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ ዛሬ አንድ ኩንታል ጤፍ ከገበሬው ማሳ እስከ ከተማ ሲመጣ ዋጋው የት የት እንደሚጨምር ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። አንዱ አባቱ አይሱዙ ነጂ ነው። አባቱን ጠይቆ በወረቀት ጽፎ መጣ፤ እዚህ ይሄን ከፈልን፣ እዚህ ይሄን። ያንን ወረቀት የኢኮኖሚክስ መምህሩ ወስዶ ሁለት ሳምንት አስተማረበት።

አንድ ነገር ግን በጨዋታ አላስገባሁትም። ቅፍለቱ ከደቡብ ሲመለስ የሚያመጣው ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ብቻ አልነበረም። ሰውም ነበር። በገበያዎቹ ሰው በአሞሌ ተሸጧል፣ ተለውጧል። ይህን ቆሜ፣ አሞሌዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ በዝግታ እናገራለሁ። በበቆሎ የሚጫወቱበት ነገር አይደለም። ግን መዝለልም አልችልም። አሞሌን "የድሮ ገንዘባችን" ብለን በፍቅር ብቻ ካስተማርን ግማሹን ደብቀናል።

አሁን ከገበያው ወደ ወጥ ቤት ልግባ። ለእኔ ለራሴ በጣም የሚቀርበኝ ይህ ነው።

አያቴ እንቅርት ነበረባት። ትልቅ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ታዞር ነበር። ልጅ ሳለሁ ብርድ ስለሚሰማት ይመስለኝ ነበር። በሰፈራችን እንቅርት ያለባቸው ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ እንደ ሽበት፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነገር እናስመስለው ነበር። ቋንቋችንም ለምዶታል። ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ "እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" እንላለን። ተረት እስኪሆን ድረስ አብሮን ኖሯል።

ምክንያቱ አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር እጥረት ነው። ደጋው ላይ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል። አፈሩ ካጣ እህሉ ያጣል፣ እህሉ ካጣ ሰው ያጣል። እንቅርቱ የሚታየው ምልክት ነው። የማይታየው ይብሳል። እናት በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ካጣች የልጁ አእምሮ እድገት ይጎዳል። እኛ መምህራን "ይህ ልጅ አይገባውም" የምንለው ልጅ አለ። ከመወለዱ በፊት የደረሰበትን አናውቅም። ይህን ሳስብ ስንቱን ልጅ በቁጣ እንዳለፍኩ ትዝ ይለኛል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጨው ላይ ትንሽ አዮዲን መጨመር። ያቺ አሁን በእጃችሁ ያለችው አሞሌ ግን እንዳለች ከመሬት የተቆረጠች ናት። አዮዲን አልተጨመረባትም። ለወጥ አትሁን።

እዚህ ላይ ደግሞ ታሪኩ፣ ድንበሩና ሕጉ አንድ ላይ ይመጣሉ። ቀደም ሲል አገራችን ብዙ ጨው የምታገኘው ከአሰብ ነበር፤ አዮዲን ያለበት ጨውም በዚያ በኩል ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። የአገሪቱ ጨው ምንጭ ወደ አፍዴራ ዞረ። አፍዴራም አፋር ውስጥ ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች ያለ ሐይቅ። ጨዋማው ውሃ በፓምፕ ወደ ሰፊ ኩሬ ይወጣል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ነጩ ጨው ይቀራል፣ በአካፋ ይሰበሰባል። ጨው ተገኘ። አዮዲኑ ግን ተረሳ። የድንበር ጦርነት ማለት የወታደር ቁጥርና የስምምነት ቀን ብቻ አይደለም፤ ገጠር ያለች ነፍሰ ጡር ድስት ውስጥም ይገባል። ይህን በየትኛው ክፍለ ጊዜ እናስተምረዋለን?

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አወጣ። ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው አለ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተሰብ በ15ቱ ገደማ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ወደ 89 ደረሰ። መጠኑ በቂ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያም መጠየቅ አለበት። ግን አምስት ዓመት ነው! ልጆች "ሕግ ምን ያደርጋል፣ ወረቀት ነው" ሲሉ እሰማለሁ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቦርድ ላይ ጎን ለጎን እጽፍላቸዋለሁ። ደንብ፣ ፋብሪካ፣ ተቆጣጣሪ፣ ባለ ሱቅ፣ እናት። አንዱ ቢጎድል ቁጥሩ አይነሳም።

የቤት ሥራ እሰጣለሁ። "ቤታችሁ ያለውን የጨው ከረጢት አንብባችሁ ኑ። የት ተመረተ? አዮዲን አለበት ይላል? የት ነው የምታስቀምጡት?" ይመጣሉ። የአንዱ ጨው ከታሸገ ፓኬት ነው። የሌላዋ ከጉልት፣ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ያቺ ልጅ አፍራ ነበር። እኔ ግን ከሁሉም የሷን አቆየሁት። "ይህን ጨው ማን ይቆጣጠረዋል?" ብዬ ለክፍሉ ጠየቅኩ። ግማሽ ሰዓት ተነጋገርንበት። አዮዲን በሙቀትና በፀሐይ እንደሚቀንስም ነገርኳቸው፤ ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። በማግስቱ አንዱ መጥቶ "እናቴ፣ ወጥ መሥራትም ያስተምሩህ ጀመር? አለችኝ" አለ። ግን ክዳን ያለው ማሰሮ ገዝታለች። ያን ሳምንት ካስተማርኩት ሁሉ የበለጠ የደስታ ስሜት የሰጠኝ ያ ክዳን ነው።

ጨው ብቻ አይደለም እዚያ ያለው። ከጨዉ ጋር ፖታሽ አለ፤ ማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን። ጣሊያኖች ከመቶ ዓመት በፊት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ዳሎል አቅራቢያ ሐዲድ ዘርግተው አውጥተውታል። ከዚያ በኋላም የተለያዩ ኩባንያዎች እየመጡ ሄደዋል። ከመጨረሻዎቹ አንዱ፣ የእስራኤሉ አይሲኤል፣ በመሠረተ ልማትና በግብር ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ሳይስማማ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥሎ ወጥቷል። እኛ ግን ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ አውርደን እንገዛለን። ይህንን ለልጆች በዝርዝር አላብራራም። ካርታውን አሳያለሁ፣ ወደቡን አሳያለሁ፣ ከዚያ "ለምን ይመስላችኋል?" ብዬ እቀመጣለሁ። ባሕር በር ይላሉ፣ መንገድ ይላሉ፣ ውሃ ይላሉ፣ ገንዘብ ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው።

ከዚያ የፊት ረድፏ ልጅ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ጨዉ የማን ነው? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን የሚነካ ፕሮጀክት ሲመጣ ሕዝቡ አስተያየቱን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ልጆቹን ሁለቱን አንቀጾች ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደርጋለሁ። ከዚያ ከአፋር ቆራጩ ቦታ ሆነው፣ ከኩባንያው ቦታ ሆነው፣ ከግብር ሰብሳቢው ቦታ ሆነው ይከራከራሉ። ቦታ እቀያይራቸዋለሁ። ትናንት ኬላ የነበረ ዛሬ ጨው ይቆርጣል። ሐሳቡ አብሮ ሲቀየር ራሱም ይገርመዋል።

የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። ጊዜ የለም። ክፍል ውስጥ ስድሳ ልጅ አለ። መጽሐፉ ገና ግማሽ ላይ ነው፣ ፈተናው ቀርቧል። እኔም እዚያው ነኝ ያለሁት። አንድ ዓመት ለዚህ ጨዋታ ሁለት ክፍለ ጊዜ ብወስድ አለቃዬ "ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርቷል" ብሎኛል፤ ልክ ነበር፣ ቀርቷል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አስተምሩ አልላችሁም። በሴሚስተር አንድ ጊዜ፣ አራታችሁ ስታፍ ቁጭ ብላችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ። ሻይ በምትጠጡበት ሰዓት ያልቃል። የእኛ አካባቢ አሞሌ ነው። ጅማ ያለ ሰው ቡና ይምረጥ። ሐረማያ ያለ ሰው ሐይቁን ይምረጥ፤ ሐይቁ ሲደርቅ ያየ ሽማግሌ ሰፈሩ ውስጥ አለ። የሸዋ ልጅ ጤፍ ይምረጥ። እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ክፍለ ጊዜ፣ በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ዕቃ ተነሱ። ምዕራፍ አይጎድልም፤ ምሳሌው ብቻ ነው የሚቀየረው። ፈተናውም ቢሆን ስለ ገንዘብ ጠባይ ሲጠይቅ፣ ገንዘቡ ብርጭቆ ውስጥ የሟሟበት ልጅ አይሳሳትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ዕቃውን በእጃችሁ ያዙት። ሥዕል አይበቃም። እኔ መጀመሪያ በሥዕል ሞክሬ ነበር፣ ማንም አልጠየቀም። አሞሌዋን ይዤ የገባሁ ቀን ግን ገና በር ላይ "ቲቸር፣ ምንድነው? ይበላል? ከየት ገዙት? ስንት ነው?" ጀመሩ። እስቲ አስተውሉ፤ አራቱም የትምህርት ዓይነት በር ላይ አለቀ።

አሞሌዋ ኋላ ደረሰች? እሺ፣ ወደ ፊት መልሷት። አንድ ጠርዟ ጎድሏል፣ ይሁን፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ትቀንሳለች፣ ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ።

አሁን በቆሎ ይዤ መጥቻለሁ፣ ያ ከረጢት ነው። ከፊት ሁለቱ ወንበሮች ጨው ቆራጭ ናችሁ። መስኮቱ ጋ ያላችሁ ግመል ነጂዎች። ሶቆጣ እዚህ መሐል ነው። የኋላዎቹ ዓባይ ማዶ ናችሁ፣ በቆሎውን ተካፈሉ። ኬላ ላይ የሚቀመጥ ሦስት ሰው እፈልጋለሁ። የዜግነት ትምህርት መምህራን እጃችሁን አውጡልኝ።